በጋሽ ለማ ሚኒባስ ስፒከር የሰማሁት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፣ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፣ ሰው ፊት ደግሞ አፌ ይተሳሰራል፣ ስለዚህ የሆነውን አፍ አውጥቼ ከማወራው ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው። ድምፅ ሰማሁ፣ ጥላ አየሁ የሚሉ ሰዎችን አላምናቸውም ነበር። ታላቅ ወንድሜ አቃቂ በሰቃ የመኪና ቴፕ የሚገጥምባት ትንሽ ሱቅ አለችው፣ እኔም እሱ ጋ እየዋልኩ ሽቦ መበየድ ለምጃለሁ፣ እና የሚንጫጫ ነገር ሁሉ ለእኔ የላላ ሽቦ ነው፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ማለቴ ነው።

ጋሽ ለማ የሰፈራችን የታክሲ ሹፌር ናቸው። በማግስቱ የእናቴን የጽዋ ማህበር ሴቶች ጭነው ከሞጆ ወዲያ ወዳለ ገዳም ሊሄዱ ነበር፣ እናቴም ስለት ስላለባት ይህን ጉዞ ስትጠብቅ ነው የከረመችው። ሴቶቹ መንገዱን ሙሉ መዝሙር እንሰማለን ብለዋል፣ የጋሽ ለማ ቴፕ ግን ከስልክ የሚያጫውትበት መስመር፣ እኛ ኦክስ የምንለው፣ ተበጥሶ ነበር። ጠዋት አዲስ ገመድ ሳብኩበት፣ በየድኩት፣ በናስትሮ ጠቀለልኩት፣ ስንከፍተው መዝሙሩ ከሥሩ እየተንኮሻኮሸ ወጣ። ወንድሜ «ቆሎ እየቆላሽልን ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝና ራስሽ ፈልጊው ብሎ ዕቃ ሊገዛ ቃሊቲ ሄደ፣ ጋሽ ለማም ምሳቸውን ሊበሉ ወጡ።

ዝናብ ይዘንባል፣ መብራትም ጠፍቷል፣ ሚኒባሷ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ኔጋቲቩን ሽቦ ነው፣ ከመኪናው ቆርቆሮ ጋር በደንብ ካልተነካካ ይንጫጫል፣ ስለዚህ ቀለሙን ፋቅ ፋቅ አድርጌ እንደገና አሰርኩት። ለውጥ የለም። ከሞተሩ ከሆነ ዝም ይላል ብዬ ሞተሩን አጠፋሁ፣ ዝም አላለም። ስልኬን ነቀልኩ፣ አሁንም አለ። ቴፑን ከዳሽቦርዱ ስቤ የኦክሱን ገመድ ከኋላው ነቀልኩና ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት፣ እመኑኝ፣ ድምፁ እንደውም ጠራ።

ጆሮዬን ወደ በሩ ስፒከር አስጠጋሁ። ሴቶች ያወራሉ። ሬዲዮ ይሆናል ብዬ የአንቴናውንም ሽቦ አወጣሁ፣ ወሬው ግን አልተቋረጠም። የሚሉት አይለይም፣ ሳቅ አለ፣ የፌስታል ኮሽታ አለ፣ ሰው የሞላው መኪና ዳገት ሲወጣ እንደሚያጓራው ዓይነት ድምፅ አለ፣ እኔ የተቀመጥኩባት ሚኒባስ ግን ሞተሯ ጠፍቶ ቆማለች። ከዚያ ሳል ሰማሁ። እናቴ ስትስል መጨረሻው ላይ እንደ ፉጨት የምትመስል ትንፋሽ አለቻት፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ከመጋረጃው ወዲያ ስሰማት ያደግኩ ነኝ፣ አልሳሳትም።

እናቴም እንደ እኔ ዓይን አፋር ናት። ታክሲ ውስጥ ጮክ ብላ «ወራጅ አለ» ብላ አታውቅም፣ አጠገቧ ያለውን ሰው ንገርልኝ ብላ ትለምናለች፣ የሚናገርላት ካጣች መውረጃዋን አልፋ ሄዳ በእግሯ ትመለሳለች፣ በዚህ ስንት ቀን ስቀንባታል። ያን ቀን ግን ከስፒከሩ በሷ ድምፅ፣ በቀስታ፣ እንደማፈር ባለ አነጋገር፣ «ወራጅ አለ» ሲባል ሰማሁ። የመለሰላት የለም፣ የሴቶቹም ወሬ አልቆመም። ቆይታ ደገመችው። ከዚያ ጮኸች፣ እናቴ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። ፒንሳውን አንስቼ የበሩን ስፒከር ሽቦ ቆረጥኩት፣ እሱ ዝም ሲል ከጀርባዬ፣ ከመጨረሻው ወንበር በኩል ካለው ስፒከር ቀጠለች። በሩን እንዴት እንደከፈትኩት አላውቅም፣ ራሴን ያገኘሁት ዝናቡ ላይ ቆሜ ነው።

ወንድሜ ሲመለስ የቆረጥኩትን ሽቦ ቀጠለ፣ ገመዱንም መልሶ ሰካ፣ መዝሙሩ ጥርት ብሎ ወጣ። ጋሽ ለማ ጎበዝ ናት ብለው ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ፣ እኔ ግን መሣሪያዬን ሰብስቤ ወደ ቤት ሮጥኩ።

ቤት ስገባ እናቴ ለመንገዱ ዳቦ በጨርቅ እየጠቀለለች ነበር። ነጠላዋን ጨምድጄ ይዤ «እማዬ አትሂጂ» ብቻ አልኳት። ምን ሆነሻል፣ አመመሽ ወይ፣ የተጣላሽው ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፣ ስለቷን አስታወሰችኝ፣ ተቆጣችም። አለቀስኩ እንጂ አልለቀቅኳትም። ብዙ አየችኝና ዳቦውን ፈታችው። በማግስቱ በሩን ከውስጥ ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ውስጥ አድርጌ አብሬያት ዋልኩ፣ አኩርፋ ምስር ስትለቅም እኔ ደጁን ሳዳምጥ መሸ፣ ሚኒባሷም በደህና መመለሷን ከጎረቤት ሰማን። አፍሬ ነበር። በከንቱ ነው ስለቷን ያስቀረሁባት አልኩ።

ይህን ስጽፍ እናቴ ጓዳ ውስጥ ትስላለች። የማህበሯን ሴቶች እስካሁን መጠየቅ አልደፈርኩም፣ ምን እንደሚሉኝ ስለምፈራ። ከጉዞው ማግስት ጋሽ ለማ ሊያመሰግኑኝ ሱቅ መጡ፣ መንገዱ ጥሩ እንደነበር፣ ቴፑ አንዴም እንዳልተንኮሻኮሸ ነገሩኝ፣ ከዚያ ወንድሜ እንዳይሰማቸው ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እናትሽን ስንመለስ ከሞጆ ወዲህ ነው ያወረድኳቸው፣ ቤት የለ ሰው የለ፣ ጨለማ ነው፣ እዚህ ይበቃኛል ብለው ለመኑኝ። እንዴት ነው፣ በሰላም ገቡ?»