አምስተኛው ነጥብ

መምህር ምህረቴ መስከረም 24 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት፣ ከእንጅባራ በላይ ባለው የቀርከሃ ጫካ ገደል ሥር ሞቶ ተገኘ። የኋላ ጭንቅላቱ ተፈርክሷል።

አስከሬኑን ያገኘው ቀርከሃ ቆራጩ አየነው ነበር። እየሮጠ ሄዶ ለፖሊስ ተናገረ፤ ፖሊሶቹም እሱኑ የኋሊት አሰሩት። መምህሩን ሁልጊዜ ጫካ ለጫካ ሲመራው የኖረው እሱ ነውና።

የመቶ አለቃ ደርበው ከዳንግላ ሲደርስ በመጀመሪያ የሟቹን ጫማ ገልብጦ አየ። ዝናቡ ያቆመው ዓርብ ማታ ስለሆነ ጫካው ገና ጭቃ ነው። የጫማው ሶል ግን ደረቅና ንጹሕ ነው። ከዚያ ተንበርክኮ ቁስሉን መረመረ። በደረቀው ደም ውስጥ፣ ከፀጉሩ ጋር የተጣበቀች ቀጭን ጥቁር ጥንዚዛ አገኘ። በመርፌ ጫፍ አላቅቆ አረቄ ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ከተታት።

«ቅዳሜ አግኝተኸዋል?» ሲል አየነውን ጠየቀው።

«አላገኘኋቸውም፣ ጌታዬ። ጠዋት እመጣለሁ ብለውኝ ነበር። ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠበቅኋቸው፤ ቀሩ።»

ዳንግላ ሲመለስ በሟቹ ቤት ሁለት ሰዎች ጠበቁት። አንደኛዋ ባለቤቱ ወይዘሮ እታለማሁ ናት። ዓርብ አዲስ ቅዳም ከተማ ለለቅሶ ሄዳ ስትመለስ የራሷን ሐዘን ደጇ ላይ ያገኘች ሴት። ሁለተኛው አቶ ክንዴ ነው፤ ስለ ነፍሳት ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ፣ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሁለት ሳምንት የከረመ እንግዳ።

«ቅዳሜ ጠዋት በላንድሮቨሬ ጫካው ጥግ አደረስኩት» አለ ክንዴ። «አየነው ቆሞ ይጠብቀው ነበር። እኔ ተመልሼ እዚሁ ስጽፍ ዋልኩ።»

«ጫካ ውስጥ ምን ይሠራ ነበር?»

«ጥንዚዛ ይለቅማል። ክንፏ አጭር፣ ሆዷ ረጅም፣ ሲነኳት ጅራቷን እንደ ጊንጥ የምታነሳ። በዓለም ገና ያልተመዘገበች ዝርያ ናት። አዲስ መሆኗን ያወቅሁ እኔ ነኝ፤ እሱ ያግዘኝ ነበር።»

እታለማሁ ቀና ብላ አየችው። ክንዴ ወደ ግቢ ሲወጣ ጠብቃ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«መቶ አለቃ፣ ውሸት ነው። ባሌ አምስት ዓመት ለፍቶባታል። እሱ ይሞነጫጭራል፣ እኔ በጥሩ ጽሑፍ እገለብጥለታለሁ። አሁን በጥሩ የገለበጥኩት ከጠረጴዛው ላይ የለም።»

«የእሱ ረቂቅስ?»

«ከሣጥኔ ውስጥ ነው።»

ደርበው ረቂቁን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ግቢውን ዞረ። ከጓሮ የጋሪ ፈረስ ጋጣ አለ፤ ከጎኑ የፋንድያ ክምር። ክምሩ በአንድ በኩል ተዝቆ እንደገና ተደልድሏል።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው። አየነው እጁ በገመድ አብጦ ስማቸው ከሚባለው የፖሊስ ወታደር አጠገብ ተቀመጠ። ደርበው ጥንዚዛዋን ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጦ ማጉያ መነጽሩን ለክንዴ ሰጠው።

«ይህች ከሟቹ ደም ውስጥ የወጣች ናት። ባለሙያው እርስዎ ነዎት። የትኛዋ ዝርያ ናት?»

ክንዴ ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ።

«የጫካዋ ናት» አለ በመጨረሻ። «አዲሷ ዝርያ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እንዴታ! ዕድሜዬን የሠራሁበት ነው።»

«ወይዘሮ እታለማሁ፣ ያንብቡልን።»

እታለማሁ የተጨማደደውን ረቂቅ ዘረጋች። «ሁለቱ ጥንዚዛዎች፣ የጫካዋና የዳንግላዋ፣ በመልክ አይለዩም። የጫካዋ በደረቷ ጋሻ ላይ በየረድፉ አራት ነጥብ አላት፤ የምትኖረው በወደቀ የቀርከሃ ቅጠል ሥር ነው። የዳንግላዋ አምስት ነጥብ አላት፤ ከፈረስ ፋንድያ ውጭ አግኝቻት አላውቅም።»

«አሁን ይቁጠሩ።»

መነጽሩን ከክንዴ ተቀበለች። ቆጠረች፤ እንደገና ቆጠረች።

«አምስት» አለች።

ደርበው ወደ ክንዴ ዞረ። «ጥንዚዛዋ ደሙ እርጥብ ሳለ የገባችበት ባትሆን ኖሮ እንዲህ አትጣበቅም ነበር። ስለዚህ ምህረቴ የተመታውና የወደቀው ጓሮ፣ ፋንድያው አጠገብ ነው። ጫካውን በእግሩ አልረገጠም፤ ጫማው ይመሰክራል። እስከ እንጅባራ በመኪና ተጫነ፤ በዚህ ቤት መኪና ያለዎት እርስዎ ብቻ ነዎት። አየነው ቆሞ ይጠብቀው ነበር ያሉትም በእሱ ለማሳበብ ነው። አራትና አምስት የማይለይ ባለሙያ የለም፤ ለይተዋል፣ ግን ዋሹ። ረቂቁ በእጃችን መኖሩን አላወቁም። ወታደር ስማቸው ዛሬ ጠዋት ከመኪናዎ ወንበር ሥር ደም የነካው ጆንያ አውጥቷል። በጥሩ የተገለበጠውም ሻንጣዎ ውስጥ ተገኝቷል፤ የምህረቴ ስም ተፍቆ የእርስዎ ገብቶበታል።»

ክንዴ በድንገት ጮኸ።

«ልስማማ ነበር! ጽሑፉ በሁለታችን ስም ይውጣ ብዬ ለመንኩት። እሱ ግን አንተ ምን ሠራህ አለኝ። ጭራሽ ጥንዚዛዋን በዚህ ቀርከሃ ቆራጭ ስም ልሰይማት ነው አለኝ! የዓለም ሊቃውንት የሚያነቡትን!»

ወታደር ስማቸው ገመዱን ከአየነው እጅ ፈትቶ በክንዴ እጅ አሰረው።

በሦስተኛው ሳምንት አየነው እርሙን ሊያወጣ ወደ እታለማሁ ቤት መጣ። ጣቶቹ ገና አልተዘረጉም፤ ገጀራ መያዝ አልቻለም። እሷ ጠረጴዛው ላይ አዲሱን ግልባጭ እየጨረሰች ነበር።

«እትዬ፣ ያ ሰውዬ ያለው እውነት ነው? በእኔ ስም ሊሰይሟት ነበር?»

«አዎ። መጀመሪያ የወደቀ የቀርከሃ ቅጠል ገልጠህ ያሳየኸው አንተ ነህ ብሎ።»

«ለዚያ ነው የተገደሉት?»

እታለማሁ ልትዋሸው ፈለገች፤ አልቻለችም። «ለዚያም ጭምር ነው።»

አየነው የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ፊቱን በክንዱ ጠርጎ፣ «እንግዲያው ስሜን ይፋቁት» አላት። «በነፍሳቸው ይዤዎታለሁ፣ ይፋቁት።»

«አልፍቅም» አለች። የአየነውን ስም በደማቁ ጽፋ ቀለሙ እስኪደርቅ ከጎኑ ሄዳ ተቀመጠች።