የጪጩው ሟችና የሐሙሱ ጋዜጣ

ሰኞ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የዲላው ፖሊስ መቶ አለቃ ከፈለኝ ከከተማው አጠገብ ካለችው ጪጩ ደረሰ። የቡና ማጠቢያው መዛኝ ደመላሽ ከመጋዘኑ ጀርባ፣ የተሰጣ ቡና በተሸፈነበት ጆንያ ላይ በደረቱ ተደፍቶ ሞቷል። ማጅራቱ ተፈንክቷል። በሌሎቹ የማድረቂያ አልጋዎች ላይ ያለው ቡና ግን እንደተገለጠ ነው። ይህ ከፈለኝን ከነከነው፤ ደም የጠጣውን ጆንያ ጠቅልሎ ወሰደ።

«ተማሪዎቹ ናቸው» አለ ካቦው ሠረቀብርሃን። «ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከዲላ በሰልፍ መጥተው ድንጋይ ሲያዘንቡብን ነው የተመታው። እዚህ ጥግ ስለወደቀ ያየው የለም።»

ሐሙስ የአዲስ አበባው ጋዜጣ ደረሰ፤ «ዱርዬ ተማሪዎች አባወራ በድንጋይ ገደሉ» ይላል። በሰልፉ ዕለት የታሰረው የሰልፉ መሪ የጴጥሮስ ስምም ተጽፏል። ሕዝቡ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ «ይሰቀል» እያለ ይጮህ ጀመር። ትምህርት ቤቱ ልጁን አባረረው። ለእናቱ ለወይዘሮ ካሳነሽ ገበያ ላይ ቆጮ የሚሸጥላቸው ጠፋ።

ከፈለኝ የጋዜጣውን ወኪል ወንድይራድን አስጠራው።

«ጪጩ ሄደህ ነበር?»

«ምን ያስኬደኛል? ካቦው ራሱ ዲላ መጥቶ ነገረኝ።»

«ልጆቹንስ ጠየቅሃቸው?»

«የታሰረ ሰው ምን ይላል? አልገደልኩም ነው የሚለው።»

ቅዳሜ ጠዋት ከፈለኝ ካቦውን፣ ወኪሉን፣ የትምህርት ቤቱን ዲሬክተር አቶ ታረቀኝን፣ የጴጥሮስን እናትና ሠራተኞቹን ማጠቢያው ላይ ሰበሰባቸው።

«ሙሉካ፣ ቡናውን መቼ ነው የምትሸፍኑት?»

ቡና የምታገላብጠው ሙሉካ ካቦውን ሰረቅ አድርጋ አየች። «ማለዳ እንገልጣለን፣ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ሲበረታ እንሸፍናለን፣ ጌታዬ። ካልሸፈንን ይሰነጠቃል፣ እሱም በአለንጋ ይለናል። ዘጠኝ ሰዓት መልሰን እንገልጣለን።»

«ሰኞ ከመጋዘኑ ጀርባ ያለውንስ?»

«ስድስት ሰዓት እኔ ነኝ የሸፈንሁት። ሰው አልነበረም። ዘጠኝ ሰዓት ልገልጥ ስሄድ ‹ተዪው፣ እኔ እገልጠዋለሁ› አለኝ።»

«ማን?»

በአገጯ ሠረቀብርሃንን አመለከተች።

ከፈለኝ ጆንያውን ዘረጋው። «ደሙ የፈሰሰው ጆንያው ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ተመቶ ቢሆን የሚወድቀው ያልተሸፈነ ቡና ላይ ነበር። የሞተው ከተሸፈነ በኋላ ነው። ልጆቹን ደግሞ አራት ሰዓት ላይ በጭነት መኪና ወስጄ ዲላ ጣቢያ የቆለፍሁባቸው እኔው ነኝ። ሠረቀብርሃን፣ ሙሉካን የመለስካት ሬሳውን እንዳታይ ነው።»

ካቦው መሬት መሬት አየ። «ደመላሽ ‹ሴቶቹን መግረፍህን ለማጠቢያው ባለቤት እናገራለሁ› አለኝ። አንዴ ነው የመታሁት፣ በሚዛን ድንጋይ።»

ፖሊሶቹ ሲወስዱት ካሳነሽ ወደ ዲሬክተሩ ዞሩ። «እንግዲህ ልጄ ሰኞ ትምህርቱን ይጀምር?»

«እኔማ ያባረርሁት በጋዜጣው ነው፣ እናቴ። ጋዜጣው ካስተባበለ...»

ሁሉም ወንድይራድን አየው።

«ማስተባበያውንስ እልካለሁ» አለ። «ግን ካቦ መዛኝ ገደለ ብል ማን ያወጣዋል?»

ካሳነሽ ወደ እሱ ጠጋ አሉ። «ታዲያ ያነበበውን ሰው ሁሉ እኔ ቤት ለቤት እየዞርሁ ልንገር?»