የቀጋ የላቲን ስም

መምህር ሞላ ከደረቀው የቀጋ ቅርንጫፍ ሥር በተጻፈው ቃል ላይ ቀይ እስክሪብቶአቸውን ጫን አድርገው አሳለፉት።

«ሮዛ? ሮዛ በላቲን ጽጌረዳ ማለት ነው፣ ጣይባ። ይሄ የአጥር እሾህ ነው።»

ክፍሉ ሳቀ። ጣይባና ትርፌ ደሴ ውስጥ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። በጥንድ የተሰጣቸው የባዮሎጂ ሥራ አሥር ዕፅዋት አድርቀው ደብተር ላይ እየለጠፉ፣ ከነላቲን ስማቸው ማቅረብ ነበር። የሚታረመው ከሃያ ነው።

«እስከ ሰኞ አስተካክሉት» አሉ መምህሩ።

ጣይባ ያደገችው ቦሩ ሜዳ ነው። የቀጋ ፍሬ ስትለቅም ክንዷ ያልተቧጨረበት ዓመት የለም። አበባው ነጭ እንደሆነ፣ ሽታውም ጽጌረዳ ጽጌረዳ እንደሚል ታውቃለች። ግን በምን ታሳምን?

«ተይው በናትሽ» አለች ትርፌ ሲወጡ። «ለአንድ እሾህ ብለሽ ከቲቸር ጋር ልትጣዪ ነው?»

«ደብተሩን አንቺ ያዢው። እኔ ነገ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ።»

ቅዳሜ የቀበሌው ወጣቶች ማኅበር የፖለቲካ ውይይት ነበረ። ጊዜው 1974 ዓ.ም. ነውና መቅረት ያስጠይቃል። ጣይባ ይህን እያወቀች አንድ የቀጋ ቅርንጫፍ ይዛ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል የሚወርደው አውቶቡስ ላይ ተሳፈረች።

የአባቷ ወዳጅ ጋሽ በሺር ኮምቦልቻ ውስጥ ለእርከን የሚተከል ችግኝ ያፈላሉ። ቅርንጫፉን አገላብጠው አዩና ከሣጥን ውስጥ ጠርዙ ያለቀ መጽሐፍ አወጡ።

«አብሽሪ፣ ልጄ። ይኸውልሽ፤ ሮዛ አቢሲኒካ። ሮዛ የወገኑ ስም ነው፣ ጽጌረዳ። አቢሲኒካ ደግሞ የሐበሻ ማለት ነው።»

«ወላሂ አልተሳሳትኩም ነበራ!»

«ግማሹን ነው የጻፍሽው። ሮዛ ብቻ ካልሽ የፈረንጁም የኛም በምን ይለያል? ሁለቱን አስከትለሽ ጻፊ። የፊተኛው በትልቅ ፊደል ይጀምራል፣ የኋለኛው በትንሽ። በእጅ ሲጻፍ ደግሞ ከሥሩ ይሰመርበታል።»

ጣይባ ስሙን ከነገጹ ቁጥር ወረቀት ላይ ገለበጠች።

ሰኞ ጠዋት ትርፌ የትምህርት ቤቱ በር ላይ እየፈነደቀች ጠበቀቻት። «ሃያ ከሃያ!»

ደብተሩ ላይ ሮዛ የሚለው ተፍቋል። በቦታው «የላቲን ስሙ አልተገኘም» ይላል።

«መቼ ሰጠሻቸው?»

«አሁን፣ ቢሯቸው ሄጄ። ጣይባ ራሷ ተሳስቻለሁ ብላለች አልኳቸው።»

«እኔ ብያለሁ?»

ትርፌ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። «ማርኩ እንዳይቀርብን ብዬ ነው። አለቀ እኮ፣ ዝም በይ።»

ጣይባ ሃያውን አየችው። ትርፌ ባለፈው ሴሚስተር ባዮሎጂ ወድቃ ነበር። ለዚህ ቁጥር እንዴት እንደጓጓች ታውቃለች፤ ልታስቀይማትም አልፈለገችም። ደብተሩን ግን አልመለሰችላትም።

«የሚቀነስ ካለ ከኔ ይቀንሱ እላቸዋለሁ» አለች።

«የዋሸሁትንስ?»

«እሱን አንቺ ንገሪያቸው። እኔ የምሄደው ለስሙ ነው።»

መምህር ሞላ ቢሯቸው ውስጥ ወረቀቷን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ትርፌ በሩ ላይ ቆማ ቀርታለች።

«ተሳስቻለሁ ማለትሽን ሰምቼ ነው ሃያ የሰጠኋችሁ» አሉ። «አሁን እንደገና ይታረም ልትዪኝ ነው? ውጤቱ ሊወርድ ይችላል።»

ጣይባ ደብተሩን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችው።

«ይታረም» አለች።