የሸጊቱ ቀኝ ዓይን

በ1977 ዓ.ም. ሃምሳ አለቃ ድረስ ከዳባት ተጠርቶ ደባርቅ ሲደርስ፣ ሀብተ ሚካኤል በእናቱ በሸጊቱ ደጅ ሞቶ ነጠላ ለብሶ ተጋድሟል። በማግስቱ ለብሔራዊ ውትድርና ሊሄድ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ላቀው የቆሎ ትምህርት ቤቱን መምህር፣ የኔታ ገብረ ሚካኤልን፣ የፊጥኝ አስሮ ጠበቀው።

«ገዳዩን ይዤልሃለሁ» አለ ላቀው። «ልጁ ትናንት የበላው ከሳቸው ቤት ነው። ቅጠል የሚበጥስ ከሳቸው ሌላ ማን አለ? ዛሬውኑ ጎንደር ወኅኒ ይገባሉ።»

«ያበላሁት ቆሎ ነው» አሉ የኔታ። «አንተ ብትመጣም እሱኑ ነበር የምትበላው።»

ድረስ ፖሊስ ከመሆኑ በፊት በጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበር። ነጠላውን ገለጠ። የሟቹ ብሌን ሰፍቶ የዓይኑን ቀለም ውጦታል፤ ከእምብርቱ በታች ሆዱ ተወጥሯል።

«ሲሞት ማን አየው?»

«እኔ» አለ ጓደኛው አለነ። «የማይታይ ሰው ያናግር ነበር። አጥር ዘለለ፤ ልንይዘው ብንል ሦስታችንንም ጣለን። ሽንቱ አስጨነቀው፣ ግን እንቢ አለው። ልቡ ከሸሚዙ ላይ ሲዘል ይታይ ነበር። ከዚያ ቀጥ አለ።»

ድረስ ከሬሳው ራስጌ ወደ ተቀመጠችው እናት ጎንበስ አለ። «እግዜር ያጥናዎት፣ እማማ።» ሸጊቱ ቀና ስትል ፀሐይ ፊቷ ላይ አረፈ። የግራ ብሌኗ ጠበበ። ቀኙ እንደ ሰፋ ቀረ።

የምርመራ ወረቀቱን አጥፎ መሄድ ፈለገ። የየኔታ እጅ ግን በገመዱ ጠቁሮ ነበር። ሰዉን ሁሉ ሰበሰበ።

«የሰው ጡንቻ ሦስት ዓይነት ነው» አለ። «አጥንት ላይ ያለው ይታዘዘናል፤ ልጁ አጥር የዘለለው በሱ ነው፣ ደህና ነበር። ሁለተኛው ሳናዘው ይሠራል፤ በፊኛ፣ በአንጀት፣ በብሌን ዙሪያ አለ። የላላበት እሱ ነው። ሦስተኛው ልብ ነው፤ እሱም አይታዘዘንም፤ ጋልቦ ጋልቦ ቆመ። ይህን ሁሉ ባንድ ጊዜ የሚያደርግ አስተናግር የሚሉት የሚያሳብድ ቅጠል ነው።»

«ታዲያ የኔታ ናቸዋ» አለ ላቀው።

«አስተናግር የነካ እጅ ዓይን ሲያብስ፣ ያ ዓይን እንደ ሟቹ ይሰፋል፤ ፀሐይም አያጠበውም። የየኔታን አይቻለሁ፤ ሁለቱም ደህና ናቸው።» ድምፁ ዝቅ አለ። «እማማ፣ ሲወቅጡት አለቀሱ?»

«አለቀስሁ» አለች ሸጊቱ። «ዓምና የጎረቤቴን የወርቄን ልጅ እብድ ነው ብለው ከውትድርና መለሱት። የኔም ሁለት ቀን ቢያብድልኝ ብዬ ነው። ‹ይመራል› አለኝ። ‹ለመንገዱ ነው፣ ጠጣው› አልሁት። ጨለጠው።»

አለነ የየኔታን ገመድ ፈታ። ላቀው የተመልማዮቹን ዝርዝር ከኪሱ አውጥቶ በአንዱ ስም ላይ መስመር ሳበ። ሸጊቱ እስክሪብቶው እስኪቆም በዓይኗ ተከተለችው።

«አሁን አይወስዱትም?»

«አይወስዱትም፣ እማማ» አለ ድረስ።