ከላይ ወደ ታች የተጠቀለለው ናስትሮ

ውሸት ነው የሚለኝ ሰው ባገኝ ደስ ባለኝ። ግን ሆኗል። በዓይኔ አይቻለሁ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ ኅዳር ወር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ቦታው የራሴ ወጥ ቤት ነው፤ በፋሮ ደሴቶች፣ በመንደራችን ወደ ባሕሩ በኩል የመጨረሻዋ ቤት።

ያን ቀን ነፋስ እንኳ አልነበረም...

ነገሩ የሚጀምረው ግን ከመስከረም ነው። ጥፋቱም የኔ ነው። ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ባሌ ሮግቪ በትንሽ ጀልባ ዓሣ ያጠምድ ነበር። እሱ በሚያጠምድበት ከገደሉ ጀርባ ስልክ አይሠራም፤ የሚያገናኘን ወጥ ቤት መስኮት ሥር ያለው ሬዲዮ ብቻ ነው። አንቴናው ጣራው ላይ ካለው ምሰሶ ጋር ታስሯል። ኬብሉ ከአንቴናው ጋር የሚገናኝበትን መጋጠሚያ በየዓመቱ ብርዱ ሳይገባ እንጠቀልላለን፤ መጀመሪያ እርስ በርሱ በሚጣበቀው የጎማ ናስትሮ፣ ከዚያ በተራው ጥቁር ናስትሮ። ኬብሉ ደግሞ መስኮቱ ጋ ሳይገባ በፊት ወደ ታች ረገብ ተደርጎ ይታጠፋል፤ የወረደው ዝናብ ከዚያ ላይ እንዲንጠባጠብ።

አጠቃለሉ ሕግ አለው። ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ነው። ያኔ የላይኛው ዙር የታችኛውን እንደ ጣራ ቆርቆሮ ይሸፍነዋል። ከላይ ወደ ታች ከሆነ ግን እያንዳንዱ ጠርዝ አፉን ከፍቶ ውሃ ይጠጣል።

አማቴ አባባ ሃኑስ ይህን ሲያስተምሩ የሚሏት ነገር አለች። “ውሃ ሰነፍ ነው፤ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ አያውቅም።”

በመስከረም ሮግቪን ወገቡን ያዘው። መሰላሉን እኔ ወጣሁ። እጄ በብርድ ደንዝዞ ነበር፤ ለእጄ የቀረበውም የላይኛው ጫፍ ነበር። ከዚያ ጀመርኩ። ግማሽ ላይ ስደርስ ትዝ አለኝ...

ግን አልፈታሁትም።

“ከታች ነው የጀመርሽው?” አለኝ ከመሬት ሆኖ።

“አዎ።”

“እርግጠኛ ነሽ፣ አንቺ ሰነፍ?”

“ካላመንክ ወገብህን ይዘህ ውጣ።”

ሳቀ። አመነኝ።

በጥቅምት አንድ ቀን ጠዋት ድንችና የደረቀ የበግ ሥጋ ይዞ ወጣ። በሩ ላይ እንደ ሁልጊዜው “መጣሁ” አለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሬዲዮው ተናገረ።

“ሱንቫ...”

ከዚያ በኋላ የጋለ ዘይት ላይ ውሃ ጠብ ሲል የሚሰማው ዓይነት መንጣጣት ብቻ ነበር። ደጋግሜ ጠራሁት። የት እንዳለ አልሰማሁም፤ ሰው ልላክ ብልስ ወዴት ልልክ?

ጀልባዋ ተገልብጣ ተገኘች። እሱ አልተገኘም።

በሳምንቱ አባባ ሃኑስ መጋጠሚያውን ፈቱት። ውሃ ጠብ ጠብ አለ። መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል።

“ማነው እንዲህ የጠቀለለው?”

“ሮግቪ” አልኩ።

በሞተ ባሌ ላይ ዋሸሁ።  ሽማግሌው አዲስ ኬብል አምጥተው በገዛ እጃቸው ከታች ወደ ላይ አጥብቀው ጠቀለሉትና ሄዱ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይላሉ። እኔም ሮግቪ ይመለሳል ብዬ አልጠበቅኩም። የምፈልገው ያን ቀን ምን ሊለኝ እንደነበር ማወቅ ብቻ ነበር። ሌሊትም ቀንም ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

እና ያ ረቡዕ...

ሬዲዮው ጠፍቶ ነበር። ራሴ ነኝ ያጠፋሁት። ትንሿ መብራት አትበራም።

“ሱንቫ...”

የያዝኩትን ሳህን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩ።

“ሮግቪ?”

“ቀስ በይ... መጋጠሚያውን ማን ጠቀለለው?”

“አባትህ።”

“ከታች ወደ ላይ?”

“አዎ። በደንብ ነው።”

“ፍቺው... ከላይ ወደ ታች አድርጊው። እንደዚያን ጊዜው።”

ያውቃል። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

“ለምን?”

በሹክሹክታ፦

“እዚህ ውሃው የሚመጣው ከታች ነው።”

አለቀስኩ። ከፍርሃትም፣ ከናፍቆትም።

“ያን ቀን ምን ልትለኝ ነበር?”

“ጠቅልዪው... እነግርሻለሁ።”

መሰላሉን ወጣሁ። የሽማግሌውን ናስትሮ በቢላ ቀደድኩት። ውስጡ ደረቅ ነበር፤ ጠብታ የለበትም። ጣቶቼ ግን ጨው ጨው ይሉ ነበር።

ከላይ ጀመርኩ።

“ምን እየሠራሽ ነው፣ ልጄ?”

አባባ ሃኑስ ከታች ቆመዋል። እጄን አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት።

“እጅሽ ለምዶታል” አሉኝ። “ሮግቪ አልነበረም ለካ።”

“አልነበረም።”

ሊቆጡኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጡም። ኮፍያቸውን አወለቁ።

“ውረጂ።”

“እየጠራኝ ነው፣ አባባ።”

“አውቃለሁ” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “እኔንም ጠርቶኛል። ለዚህ ነው አጥብቄ የጠቀለልኩት።”

እጄ ቆመ...

መውረድ እችል ነበር። እንደገና ፈትቼ ከታች መጀመርም እችል ነበር። እንደ መስከረሙ ሁሉ፣ አልፈታሁትም። የመጨረሻውን ዙር አዙሬ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት።

ወጥ ቤት ስገባ ወለሉ እርጥብ ነበር።

“ጨረስሽ?”

“ጨረስኩ። አሁን ንገረኝ።”

“ያን ቀን ልልሽ የነበረው...”

“እሺ...”

ድምፁ ከሬዲዮው አልመጣም። ከጀርባዬ፣ ከበሩ በኩል ነው።

“መጣሁ።”

አልዞርኩም። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። አባባ ሃኑስ ኮፍያቸውን በደረታቸው ይዘው ኬብሉን እያዩ ነው፤ የታጠፈበትን ቦታ። እዚያ አንድ ጠብታ አብጦ ተንጠልጥሏል።

ተላቀቀ...

ሽቅብ ሄደ።

ከዚያ ሁለተኛው ተከተለው።