የጠፋው የቀኝ እጅ ጓንት

ለሶዶ ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ፤ አንድ ጓንት መጥፋቱን የምናስታውቀው በከፍተኛ ሐዘን ነው። ጥንድ አይደለም፤ አንድ። የቀኝ።

ማስታወቂያውን ክሊኒኩ በር ላይ የለጠፈችው ፊዚዮቴራፒስቷ ሶልያና ናት። ሳጅን ሀብታሙ አንብቦ ሳቀ።

"ፖሊስ የጠራሽው ለጓንት ነው?"

"ጣት ጣቱን እየነዘረ በስትሮክ የደነዘዘ እጅ የሚያነቃ ጓንት ነው። ያለን እሱ ብቻ ነው።"

ክሊኒኩ ውስጥ የምትታከመው መምህርት ፈጠነች ቀኝ እጇን በግራዋ አንስታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሁለት ጣቶች ብቻ ተንቀሳቀሱ።

"ባለፈው ሳምንት ጠመኔ ያዝኩ" አለች። "አሁን ካቋረጥኩ ጣቶቼ ተመልሰው ይተኛሉ። ትምህርት ቤቱ የሚጠብቀኝ እስከ መስከረም ነው።"

ሳጅኑ ሳቁን ዋጠ።

መጀመሪያ ዘበኛው ኤልሳዕ ተጠየቀ። ኪሱ ውስጥ የሆነ ነገር ይነዝራል።

"አውጣው።"

"ሳጅን፣ ይቅርብህ።"

"አውጣው አልኩ።"

ስልክ ነው። የደወለችው ሚስቱ ናት። ሳጅኑ አንስቶ "ፖሊስ ነው" ቢላት "እሰየው፣ እሰሩልኝ" አለችው።

"ሌላ ማን ይገባል?"

"ጋሽ ደገፉ ብቻ" አለች ሶልያና። "የምሳ ትእዛዝ ሊቀበል።"

ደገፉ ከመንገዱ ማዶ ያለው ልኳንዳ ቤት ባለቤት ነው። ቁርጥ በማውጣት ሶዶ ውስጥ የሚስተካከለው የለም ይባላል። ሳጅኑ ሲገባ የእጁን አንጓ ዘረጋለት።

"ይቅርታ፣ እጄ ሥጋ ነክቷል።"

ሳጅኑ አንጓውን ጨብጦ ተቀመጠ። ያዘዘውን ሥጋ የቆረጠለት ግን ቅጥር ሠራተኛው ነው።

"ጋሼ፣ እርስዎ አይቆርጡም?"

"አርጅቻለሁ።"

"መቼ?"

"በቀደም።"

ሳጅኑ በልቶ ጨረሰ። ደገፉ ታጥቦ ሊሸኘው ወጣ። በሩ ላይ ሳጅኑ እጁን ዘረጋ። ደገፉ እንደገና አንጓውን ሰጠው።

ውሃው ገና ከጣቶቹ ይንጠባጠባል። እጁ ንጹሕ ነው።

ሳጅኑ አልለቀቀውም። ቀስ ብሎ ወደ መዳፉ ወረደና ጨበጠው። መዳፉ መልሶ አልጨበጠም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ደገፉ መንገዱን ግራ ቀኝ አየ። "ከፋሲካ ወዲህ።"

"ክሊኒኩ ፊት ለፊትዎ ነው። ገብተው አይታከሙም?"

"ገብቼ ብተኛ፣ ሳይመሽ ሶዶ በሙሉ የደገፉ እጅ ሞተ ይላል። ቢላ መያዝ ካቃተው ሰው ማን ሥጋ ይገዛል?"

ጓንቱ ከሚዛኑ ጀርባ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተገኘ። ሳጅኑ ሊወስደው እጁን አልዘረጋም።

"እርስዎ ያደርሱታል። አሁን፣ በጠራራ ፀሐይ።"

ደገፉ ጓንቱን በግራ እጁ ይዞ አስፋልቱን ተሻገረ። ደንበኞቹ አዩት። ኤልሳዕም አየው።

ጓንቱን በመምህርት ፈጠነች ፊት አስቀመጠ። ከዚያ ቀኝ እጁን በግራው አንስቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ከእጇ አጠገብ አኖረው።

"ጋሽ ደገፉ፣ ለምን?" አለች መምህርቷ።

"እኔ አልናገርም" አለ ደገፉ። "እጄ ይናገር።"