ሄልካ የለካችው መንገድ

ራይኖ በሰሜን ፊንላንድ በካይኑ ጫካ ተወልዶ እዚያው እንጨት ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው። ልጅ ትምህርት ቤት የሚሄደው ሊማር እንጂ ዛፍ ሲቆጥር ሊውል አይደለም ባይ ነበር። መምህርት ኢርሜሊ ግን ሐሙስ ሐሙስ ተማሪዎቻቸውን ጫካ ይዘው እየወጡ ካርታና ኮምፓስ ያስተምሯቸዋል፤ ያዩትን ወፍ፣ ምንጭና ቋጥኝ በየደብተራቸው እንዲስሉ ያደርጓቸዋል። ይህ ቀርቶ ሒሳብ ይጨመር ብሎ ከደጅ ደጅ እየዞረ አምና የወላጆችን ፊርማ ያሰባሰበው ራይኖ ነው፤ ጉዳዩ ግን ገና አልተወሰነም።

«መንገዱን ስልክ ያውቀው የለ? ልጆቹ ለምን ይደክማሉ?» ይል ነበር።

በመስከረም አንድ ቅዳሜ የአሥር ዓመት ልጁን ሄልካን አስከትሎ ረግረግ ላይ የሚበቅል የዱር ፍሬ ለቀማ ወጣ። እኩለ ቀን ላይ ጠንካራ የመሰለው ሣር ከዳውና እስከ ወገቡ ሰመጠ። በስንት መከራ ሲወጣ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሯል፤ ኪሱ ውስጥ የነበረው ስልክም ውሃ ገብቶት አልበራ አለ። ወዲያው ብርዱ ጥርሱን ያንገጫግጨው ጀመር።

ሄልካ ካፖርቷን ደረበችለትና ከቦርሳዋ ካርታና ኮምፓስ አውጥታ ካርታውን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች።

«ያለነው እዚህ ጋ ነው። ወደ ምሥራቅ ስሄድ የመብራት መስመሩን አገኛለሁ፤ እሱን ተከትዬ መኪና መንገድ እወጣለሁ።»

«ብቻሽን የትም አትሄጂም። ሰው እስኪመጣ እንጠብቃለን።»

«አባዬ፣ እዚህ መሆናችንን ማን ያውቃል?»

«ብትጠፊስ?» አላት ራይኖ።

«ከተጠራጠርኩ ቆሜ ካርታዬን አያለሁ እንጂ አልሮጥም። መምህርት ኢርሜሊ እንደዚያ ነው ያሉን።»

አጠገባቸው ያለውን ቋጥኝና የደረቀ ጥድ በደብተሯ ነድፋ፣ እርምጃዋን እየቆጠረች ሄደች። ራይኖ ብቻውን ቀረ። ፊርማ ሊያስፈርም ያንኳኳውን ደጅ ሁሉ አንድ በአንድ አስታወሰ። አምና ተሳክቶለት ቢሆን ኖሮ፣ ይህች ልጅ አሁን አጠገቡ ተቀምጣ ከማልቀስ ሌላ ምን ታደርግ ነበር?

ከሁለት ሰዓት በኋላ የሰው ድምፅ ሰማ። መንገድ ላይ መኪና አስቁማ ያስጠራቻቸውን የነፍስ አድን ሠራተኞች ከፊት ከፊት የምትመራው ሄልካ ነበረች።

«ቦታውን ስላ ባታመጣልን ይኼን ሁሉ ረግረግ ስናስስ ይመሽብን ነበር» አለው አንደኛው ብርድ ልብስ እያለበሰው። «አንተም እስከዚያ በሕይወት አትቆይም ነበር።»

በወላጆች ስብሰባ ቀን ራይኖ በክራንች ተደግፎ ተነሣና የሐሙሱ ትምህርት ይቀጥል አለ።

«ያስፈረምከን አንተ አይደለህ እንዴ?» አለችው አንዲት እናት።

«እኔ ነኝ። ያ ወረቀት ይቀደድ ልል የመጣሁትም እኔው ነኝ። ጫካውን የማውቀው ይመስለኝ ነበር፤ እኔ የማውቀው መቁረጡን ነው። ለልጆቻችን ስልክ ገዛንላቸው፤ ስልኩ ዝም ያለ ቀን የሚይዙትን ግን ልንነጥቃቸው ነበር። ልጅ የሚጠበቀው ከጫካ በመከልከል አይደለም፤ ጫካውን በማወቅ ነው።»

ከዚያም ወደ መምህርቷ ዞረ። «ትልቅ ሰውስ ይቀበላሉ?»

«ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት እንነሣለን» አሉት ኢርሜሊ። «እግርዎ ሲድን ይምጡ። ደብተር እንዳይረሱ።»